ደንገልና ፊላ ረግረጉን ያጸዳሉ፤ የሚያጭዳቸው ከተገኘ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በደስታ ነው ያነበብኩት። በሰፈራችሁ ያለው ረግረግ ውሃው ጠቁሯል፣ ሽታው አላስቀምጥ ብሏል። እምቦጭ ወይም ፊላ ብንተክልበት ይጸዳል ወይ፣ ትንኝስ አያመጣብንም ወይ ብለሃል። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ለዓመታት ቆይቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገርህ።

ይጸዳል። ግን ዋናው ልፋት ከተከላው በኋላ ያለው ነው።

መጀመሪያ እምቦጭን ከሐሳብህ አውጣው። ውሃውን የሚበክሉትን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በመምጠጥ የሚወዳደረው ተክል ጥቂት ነው፤ ይህ እውነት ነው። ጣጣውም ከዚያው ይመጣል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ውሃውን ከዳር እስከ ዳር ከሸፈነው ብርሃን አይገባም፣ ኦክሲጅን ያልቃል፣ ዓሣው ይሞታል። ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ወደ ታች ይወርድና የሌላ ሰው መከራ ይሆናል። ቪክቶሪያና ጣና ሐይቅ ላይ ያደረሰውን የሚያውቅ ሰው ይህን ተክል ወዶ ውሃ ውስጥ አይጨምርም።

ሥር ሰደው የሚቆሙት ይሻላሉ፤ ፊላ፣ ደንገል፣ ሸምበቆ። ባዳ ዝርያ አታምጡ። እዚያው አካባቢ በተፈጥሮ የበቀለውን ከነሥሩ ከፍላችሁ ትከሉ።

ብዙ ሰው ተክሉ ራሱ ቆሻሻውን የሚጠጣው ይመስለዋል። ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ግን ሥሩና ግንዱ ላይ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ከጥቁር ጭቃ ውስጥ አንድ ፊላ ነቅለህ ሥሩን ቀስ ብለህ እጠበው። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ላይ ቀላ ያለ ቡናማ ሽፋን ታያለህ። ዝገት ነው። ተክሉ አየር በግንዱ ክፍተቶች በኩል ወደ ሥሩ ያወርዳል፤ ከዚያ ላይ ጥቂቱ ወደ ጭቃው ሲያመልጥ ጭቃው ውስጥ ያለው ብረት ይዝጋል። እዚያች አየር ባገኘች ስስ ቦታ ላይ ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ አየር በሌለበት ጭቃ፣ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ናይትሮጅን ጋዝ ያደርጉትና ወደ ሰማይ ይሄዳል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ሁሉ በጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ መከናወኑ ነው። ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ካቴ ዛይደል በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የረግረግ ተክሎችን በፍሳሽ ላይ መሞከር ከጀመረች ወዲህ ብዙ አገሮች በዚህ መንገድ ፍሳሽ ያጣራሉ።

ፎስፈረስ ግን እንደ ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ አይሄድም። ወይ ጭቃው ይይዘዋል፣ ወይ ተክሉ ይመጠዋል። ተክሉ ሳይታጨድ ከደረቀ እዚያው ይበሰብስና የወሰደውን ለውሃው ይመልሳል። ብዙ ቦታ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በተከላው ቀን መቶ ሰው ይመጣል፤ ለአጨዳው ማንም የለም። እናንተ ከመትከላችሁ በፊት ማን እንደሚያጭድ ተነጋገሩ። ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን እጨዱት፤ ሲደርቅ ምግቡን ወደ ሥሩ ይመልሰዋልና። ጉቶው ከውሃ በላይ ይቅር። ፊላ ከውሃ በታች ከተቆረጠ ሥሩ አየር ያጣና ይሞታል። ያጨዳችሁትን ደግሞ ዳር ላይ ከምራችሁ አትሂዱ፣ ዝናብ መልሶ ያጥበዋል።

ወደ ረግረጉ የሚገባው ምን እንደሆነ ሳታውቁ ግን አትጀምሩ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ተከታተሉ። የሽንት ቤት ፍሳሽ ከሆነ፣ መግቢያው ላይ ዝቃጩ የሚረጋበት ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ችግኙን ይቀብረዋል። ከፋብሪካ ወይም ከጋራዥ የሚመጣ ካለ ጭቃውን ላብራቶሪ አስመርምሩ። እንደ እርሳስ፣ ክሮሚየም፣ ካድሚየም ያሉ መርዛማ ብረቶች አይበሰብሱም፣ አይጠፉም። አብዛኛው ሥሩና ጭቃው ውስጥ ይከማቻል፣ ጥቂቱ ወደ ቅጠሉ ይወጣል። እንዲህ ካለ ቦታ የታጨደ ተክል ለከብት አይሰጥም፣ ለኮምፖስትም አይሆንም። ምንጩ ካልተዘጋ ደግሞ የትኛውም ተክል አያሸንፈውም፤ ይህን ለሚመለከተው ክፍል ሳትታክቱ መንገር አለባችሁ።

ተስፋ እንዳትቆርጥ ሕንድ ውስጥ ስላለው የምሥራቅ ኮልካታ ረግረግ ልንገርህ። ወደ 12,500 ሄክታር ገደማ ነው፤ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ረግረጎችን ለመጠበቅ በተደረገው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት መዝገብ ገብቷል። የከተማው ፍሳሽ ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎች ውስጥ በፀሐይ፣ በአልጌና በባክቴሪያ ይጣራል፣ ዓሣም ይረባበታል። ውሃውን የሚያስገቡትና የሚያስወጡት፣ ኩሬውን የሚጠርጉት ዓሣ አርቢዎቹ ናቸው። ሕይወታቸው ስለሆነ ይጠብቁታል።

ስለ ትንኙ ስጋትህ ትክክል ነው። በቆሻሻ ውሃ ውስጥ በደስታ የሚራቡ የትንኝ ዓይነቶች አሉ። የሚመቻቸው ግን ውሃው የቆመበት፣ የወደቀ ቅጠል የተከመረበትና ዓሣ የማይደርስበት ጥግ ነው። ስለዚህ ፊላው ውሃውን በሙሉ እንዲይዘው አትፍቀዱ። በተክሉ መሃል ክፍት ቦይ ተዉ፣ ውሃው ይንቀሳቀስ፣ እጭ የሚበሉ ያገሬው ትናንሽ ዓሦችም ይግቡበት። ዓሣ ለመኖር ኦክሲጅን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ውሃው ትንሽ እስኪሻለው ጠብቁና አስገቧቸው።