«ማርክ» ከ«ማረከ» አልመጣም

ጥያቄ፦ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ጋራዥ ያላቸው አንባቢ፣ «የድሮ መኪና ፊት ላይ ያለው ብረት ሲወልቅ ‹ማርኳ ወለቀ› እንላለን። ‹አርማ› በሉ የሚሉን አሉ። ‹ማርክ› ራሱ ዓይን ከመማረክ የመጣ አማርኛ ነው የሚሉም አሉ። የቱ ነው ልክ?» ይላሉ።

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። «ማረከ» በግእዝ «ማህረከ» ነው። መካከል ላይ ያለችው «ህ» በአማርኛ ተውጣ ነው ምርኮና ማራኪ የቀሩት። «ማርክ» ግን ይህችን ፊደል ኖራው አያውቅም። ጣልያን «ማርካ»፣ ፈረንሳይ «ማርክ» ይለዋል፤ የሁለቱም ሥር የጥንት ጀርመኖች የድንበር ምልክት የሚጠሩበት ቃል ነው። የተማሪ ማርክም ዘሩ ከዚያው ነው። ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ ቃል ማዛመድ የቋንቋችንን ታሪክ ያበላሻል፤ ይህን ሳልታክት እናገራለሁ።

ወደ ብረቱ እንመለስ። ለእኔ ማርክ የሥሪቱ ስም ነው፦ ፊያት፣ ፔጆ፣ ቶዮታ። አርማ ሥዕሉ ነው። የፔጆ አንበሳ በፈረንጆች 1858 ሲመዘገብ ለመጋዝ ስለት ነበር፤ መኪናው ገና አልተወለደም። ፊደል ብቻ ከሆነ ደግሞ አርማም አይባልም፣ ጽሑፍ ነው። በፈረንጆች እስከ 1984 የተሠራችው «40» የሚባለው ሞዴል የቶዮታ ላንድክሩዘር ፊቷ ላይ «ቶዮታ» የሚል ጽሑፍ እንጂ ሌላ የላትም። ሦስቱ የተጠላለፉ ሞላላ ቀለበቶች የመጡት በ1989 ነው፤ በእሷ ላይ ካያችሁ ኋላ የተለጠፈ ነው።

ሆኖም ሕዝቡ ይህን ክፍፍል አልጠበቀልኝም። «ደሉክስ»ን ለማሳጠር ከኮሮላ ኋላ የተለጠፉት ሁለት ፊደላት የመኪናዋ ስም ሆነው «ዲኤክስ» ተብላ ትሸጣለች። እናም «ማርኳ ወለቀ» የሚለውን ስሕተት ልለው አልችልም። እኔ ግን «አርማ» ብዬ እጽፋለሁ፤ መለዋወጫ ቤትም «ማርክ» ስትሉ ሻጩ «የምን መኪና?» ብሎ የሥሪቱን ስም ይጠይቃችኋል።

«ወለቀ» ላይ ግን አልደራደርም። የድሮ አርማ ከጀርባው ሁለት ፒን አለው፤ ፒኖቹ በላሜራው ቀዳዳ አልፈው ከውስጥ በክሊፕ ይያዛሉ። ኮፈኑን ከፍቶ ክሊፑን ከጀርባ ያላቀቀ ሰው አርማውን አወለቀ ይባላል። ካቻቢቴ ከፊት አስገብቶ የፈነቀለ ግን ፒኑን ይቆርጠዋል፤ ብዙዎቹ ከዚንክ ቅልቅል የተቀረጹ ስለሆኑ ሳይታጠፉ ነው የሚቀነጠሱት። ያ አርማ ተሰበረ እንጂ ወለቀ አይባልም።