የአባይ በረሃ ጤዛ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ የሰፈሬ ልጅ እስከ ካራ መገንጠያ አብሮኝ ወረደ። እናቱን ከቀበረ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሐዋሳ ሥራ አግኝቷል፤ የፊታችን ሰኞ ግባ ብለውታል። «ጋሼ፣ ብሄድ ጥያት የሸሸሁ አይመስልም?» አለኝ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብዬ አለፍኩት። ቤት ስገባ ግን ምሳው አልበላ አለኝ። መሸሽን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ባለቤቴ በ1994 ዓ.ም. ስታርፍ የመንገድ ቀያሽ ነበርኩ። ልጃችን ስምንት ዓመቷ ነው። ካራ ያኔ ዛሬ የምታዩት አይደለም፤ ጅብ አጥር ድረስ ይመጣል። የእድራችን ድንኳንም አንድ ብቻ ስለነበር በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው ከሞተ ከጎረቤት እድር እንዋስ ነበር። ሠልስቱ በወጣ ማግስት እድርተኞቹ ያቺን ድንኳን ሲጠቀልሉ እኔ ሻንጣዬን አሠርኩ። መሥሪያ ቤቱ አልጠራኝም፤ ራሴ ሄጄ ነው መኪና ያስመደብኩት። ልጄ የእናቷን ነጠላ ደርባ በር ላይ ቆማለች፤ ጫፉ መሬት ይጎተታል። «በርቺ» አልኳት። የስምንት ዓመት ልጅ!

ሰው ሁሉ «እምነቱ ነው ያበረታው» አለ። እኔም አመንኩ። «አትዘኑ ተብሎ ተጽፏል» እያልኩ ሊያጽናኑኝ የመጡትን አጽናናሁ። ለካ ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ ነው። ግማሹን ቆርጬ ነበር የያዝኩት።

ጎሐ ጽዮን ሰፈርን፤ ከአዲስ አበባ ወደ 185 ኪሎ ሜትር። በየቀኑ ወደ አባይ በረሃ እየወረድን ከፍታ እንለካለን። ሌቭሉን፣ የከፍታ መለኪያ መነጽሩን፣ ወደ ፊት ባዛወርክ ቁጥር መጀመሪያ ዞረህ ከፍታውን የምታውቀውን የኋላ ነጥብ ታነባለህ፤ የፊቱ ከዚያ ነው። አንድ ቀን በቀትር ቁጥሩ ደበዘዘብኝ። ሌንሱን በመሐረብ ጠረግኩ፤ ደግሞ ደበዘዘ። «ጤዛ ይዞታል» አልኩ። በመነጽሩ የማነበውን ባለ ቁጥር ዘንግ፣ ሜትሩን፣ የሚይዙልኝ አዛውንት ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውት መጡና «ጌታዬ፣ አባይ በረሃ ውስጥ በቀትር ጤዛ አለ እንዴ?» አሉኝ።

ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። የሣራን ሞት አጫወቱኝ። አብርሃም አለቀሰላት፤ ከዚያ ከሬሳዋ አጠገብ ተነሥቶ የመቃብር ቦታ ሊገዛ ሄደ። «እርስዎ ሳያለቅሱ ነው የተነሡት» አሉኝ። ማታ ዘፍጥረት 23ን ገለጥኩ። ቀያሽ ነኝና የገረመኝ የውሉ ጥንቃቄ ነው፤ እርሻው፣ ዋሻው፣ በዙሪያው ያለው ዛፍ ሳይቀር ተቆጥሯል። አገር ሙሉ ተስፋ የተሰጠው ሰው ገዝቶ የያዘው መሬት የሚስቱ መቃብር ሆነ። እንዲያም ሆኖ በኬጢ ሰዎች ፊት ቆሞ 400 ሰቅል ብር መዘነ። እኔ ድፍረት የምለው ይህንን ነው።

እስከዚያ ቀን አባታችን ሆይን ስደግም «ፈቃድህ ይሁን» ላይ ስደርስ ዘልዬ አልፍ ነበር። ያን ሌሊት አልዘለልኩትም። ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ፤ ከጎን ድንኳን ያሉት ሳይሰሙኝ አልቀሩም።

በማግስቱ ወደ ልጄ መሄድ ነበረብኝ። «ይህቺን ክፍል ልጨርስ» አልኩ። ቤቴ የደረስኩት በ43ኛው ቀን ነው። ተዝካሩን እናቴ ብቻዋን አውጥታዋለች። ልጄ ሮጣ አልተጠመጠመችብኝም። ጆግና ሳህን ይዛ መጣች፤ እንደ እንግዳ እጄን አስታጠበችኝ፣ ፎጣ ሰጠችኝ፣ ወጣች።

በእናንተ በዛሬዎቹ ብዙ አጉረመርማለሁ። ጠዋት ቀብር፣ ከሰዓት ፌስቡክ ላይ ሻማ፣ በማግስቱ ቢሮ። ንፍሮ እንኳ የሚቀምስ ጠፋ። ደግሞ ወንዶቹ ሰው ፊት ስታለቅሱ ሳይ እቀናለሁ። ጸልዩ፣ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ የሚለውን አልጨምርም፤ ታውቁታላችሁ።

የዚያኑ እሑድ ማታ ለዚያ ለሰፈሬ ልጅ ደወልኩለት። ይህን ሁሉ ሲሰማ «ቅር» የምለው መስሎት ነበር። ሂድ አልኩት። ቀብሩ ላይ አይቼዋለሁ፤ አልቅሷል፤ ሥራው ደግሞ አይጠብቀውም። ነገር ግን አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማር እህት አለችው። በየማታው እንዲደውልላት፣ የእናታቸውን ስም እየጠሩ እንዲያወሩ ነገርኩት። ለአርባው የሚመጣበትን ትኬትም ሳይሄድ እንዲቆርጥ ቃል አስገባሁት።

እህቱ እስከዚያ እኛ ቤት እራት ትበላለች፤ ይህን ያሰበችው ልጄ ናት። ትናንት ማታ ልጅቷ አፍራ በሩ ላይ ስትቆም ልጄ ጆግ ይዛ አልወጣችም። «ቧንቧው በጓሮ ነው፤ ታጥበሽ ነይና ሳህን አውጪልኝ» አለቻት።