የጨጓራ ነው የአንጀት? ስለ አባትሽ የምግብ ቱቦ

«አባቴ ስትሮክ መትቷቸው መዋጥ ስላቃታቸው በሆዳቸው በኩል ቱቦ ገብቶላቸዋል፤ አንዷ ነርስ የጨጓራ ነው ስትለን ሌላዋ የአንጀት ነው አለችን፤ ልዩነት አለው ወይ? ቤት ስንወስዳቸውስ ምን እንጠንቀቅ?» ላልሽው እህቴ፦ ልዩነት አለው፣ በጣም አለው። አመጋገቡም፣ መድኃኒቱም፣ ቱቦው ሲወጣ የምታደርጊውም ጫፉ ባለበት ቦታ ነው የሚወሰነው። ሁለት ነርስ ሁለት መልስ ሰጥቶ ሊሸኛችሁ መሆኑ ነው የሚያበሳጨው።

ስለዚህ ከሆስፒታል ሳትወጡ በጽሑፍ ተቀበዪ፦ የቱቦው ዓይነት፣ ውፍረቱ በፍሬንች (3 ፍሬንች 1 ሚሊ ሜትር ነው)፣ የገባበት ቀን፣ ጫፉ ጨጓራ ውስጥ ነው ወይስ ትንሹ አንጀት፣ ከውስጥ የያዘው ባሉን (በውሃ የሚሞላ ፊኛ) ነው ወይስ ዲስክ፣ ባሉን ከሆነ ስንት ሚሊ ሊትር ውሃ እንደተሞላ፣ ቆዳው ጋ ስንተኛው ሴንቲ ሜትር ምልክት ላይ እንደቆመ። «ፋይሉ ላይ አለ» ይሉሻል። ቱቦው እኩለ ሌሊት ላይ ሲወጣ ፋይሉን ማን ያመጣልሻል? አስጽፊና ፎቶ አንሺው።

1. ጨጓራ ማጠራቀሚያ ነው። ስለዚህ የጨጓራ ቱቦ ከሆነ ልክ እንደ ምግብ ሰዓት በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሊትር፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ቀስ እያልሽ መስጠት ይቻላል (መጠኑን የሚወስንላችሁ የሥነ ምግብ ባለሙያው ነው)። ትንሹ አንጀት ግን ማጠራቀሚያ የለውም። በፓምፕ፣ በሰዓት እየተለካ፣ ለረጅም ሰዓት ይንጠባጠባል እንጂ በሲሪንጅ አይገፋም። ከተገፋ ቁርጠት፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ተቅማጥ ይከተላል፤ ቤተሰብ ደግሞ «ፎርሙላው (በቱቦ የሚሰጠው ፈሳሽ ምግብ) አልተስማማቸውም» ብሎ ፎርሙላ ሲቀያይር ይከርማል።

ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ነርሶቹም የተምታታባቸው በዚህ ሊሆን ይችላል። በጨጓራ በኩል ገብቶ ውስጡ ያለው ቀጭን ቱቦ እስከ ትንሹ አንጀት የሚዘልቅ። ይሄኛው ውጪ ላይ ሁለት አፍ አለው፤ አንዱ ወደ ጨጓራ፣ አንዱ ወደ አንጀት፤ ብዙ ጊዜ ክዳኑ ላይ «ጂ» እና «ጄ» የሚሉት የላቲን ፊደላት ይታያሉ፤ ጂ የጨጓራ፣ ጄ የአንጀት ነው። ባሉን ካለው ደግሞ ሌላ አጭር አፍ ይጨመራል፤ ጫፉ ላይ ቫልቭ ያለው እሱ የባሉኑ መሙያ ነው። በእሱ በኩል ምግብም መድኃኒትም አይገባም። ደክሞሽ በጨለማ ስትነሺ ሦስቱም አንድ ይመስሉሻልና በየአፉ የተለያየ ቀለም ያለው ፕላስተር ለጥፊበት።

የጨጓራው ቱቦ ቁስሉ ከጠገገ በኋላ ሐኪሙ ሲፈቅድ በየቀኑ ይዞራል፣ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትርም ወደ ውስጥ ገፋ ተደርጎ ይመለሳል፤ አለዚያ የውስጡ ዲስክ የጨጓራው ግድግዳ ውስጥ ይቀበራል። ወደ አንጀት የሚዘልቀውን ግን እንዳታዞሪው! ጫፉ ተጠምዝዞ ወደ ጨጓራ ይመለሳል።

2. ቱቦው ከወጣ። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው ጠንካራ መንገድ እስኪሆን ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል፤ አባትሽ ሰውነታቸው ከተጎዳ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ከዚያ በፊት ጨጓራው ከሆድ ግድግዳ ጋር በደንብ ላይጣበቅ ይችላል። መልሰሽ ስትከቺው ምንም ሳያስቸግር ሊገባ ይችላል፤ የገባው ግን በጨጓራውና በግድግዳው መሃል ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለው ምግብ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈሳል፣ ሰው ይገድላል። ስለዚህ መልሰሽ አትክተቺ፣ በንጹሕ የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ (ጎዝ) ሸፍኚ፣ ምንም አትስጪ፣ የወጣውን ቱቦ ይዘሽ ሆስፒታል ሂጂ።

መንገዱ ከጠነከረ በኋላ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ መጥበብ ይጀምራል። የድንገተኛ ክፍል መዝጋቢው «ቱቦ ብቻ ከሆነ ነገ ኑ» ቢልሽ አትመለሺ፤ «ቀዳዳው እየተዘጋ ነው» በይ፤ የሚገባቸው ቋንቋ ይሄ ነው። የጨጓራ ቱቦ መቀየር በባለሙያ ከተማርሽ በመጠኑ ልክ የሆነ መጠባበቂያ ከተሽ ቀዳዳውን መያዝ ይቻላል፣ ቦታው ሳይረጋገጥ ግን ምግብ የለም። አየር ገፍቶ በማዳመጫ መስማት ማረጋገጫ አይደለም፤ ጥርጣሬ ካለ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ (ቀለም) በቱቦው ተሰጥቶ ራጅ ይነሳ። የአንጀቱ ቱቦ ደግሞ ቤት ውስጥ አይመለስም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ ሲገባ ከባድ ሕመም፣ የሆድ መጠንከር፣ ትኩሳት ወይም ደም ካየሽ ወዲያው አቁመሽ መሄድ ነው።

3. መዘጋት፦ ለአዋቂ ከምግብ በፊትና በኋላ 30 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በፓምፕ ከሆነ በየ4 ሰዓቱ። ለአንጀት ቱቦ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሻላል፤ የጨጓራ አሲድ ጀርሙን አይገድልለትምና። ከተዘጋ በ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለብ ያለ ውሃ ቀስ ብለሽ ግፊ፣ ሳቢ፣ ግፊ፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆልፈሽ ተዪና ድገሚ። ትንሽ ሲሪንጅ ግፊቱ ስለሚበዛ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። ሽቦ በጭራሽ። ኮካም አትሞክሪ፤ አሲዱ የፎርሙላውን ፕሮቲን እንደ እርጎ ያረጋዋል፣ መዘጋቱም ይብሳል።

ብዙ ጊዜ መዘጋት ከመድኃኒት ይመጣል። አንድ በአንድ፣ በመሃሉ ውሃ፣ ከፎርሙላ ጋር ሳይቀላቀል። ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ክኒን አይፈጭም፤ የቀኑ መጠን በአንዴ ይገባል። ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን ከታዘዘላቸው ፎርሙላው ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፤ በተለምዶ ከ1 እስከ 2 ሰዓት በፊትና በኋላ ምግብ ይቆማል። የጨጓራ አሲድ ማርገቢያ ፈሳሽ በአንጀቱ አፍ ቢሰጥ ዋጋ የለውም፤ ሥራው ጨጓራ ውስጥ ነው። የመድኃኒቱን ዝርዝር ለፋርማሲስት ስታሳዪ «በየትኛው አፍ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ካልጠየቅሽ ማንም አይነግርሽም።

በጎን የሚያፈስ ከሆነ «ወፍራም ቱቦ ይቀየርልን» አትበዪ፤ ቀዳዳውን አስፍቶ ያብሰዋል። መጀመሪያ ባሉኑ ጎድሎ፣ ምግቡ ፈጥኖ ወይም የሆድ ድርቀት ይዟቸው እንደሆነ እዪ። ባሉኑ በሳምንት አንዴ ይለካል፤ የሚሞላውም ጀርም በሌለው (ስቴራይል) ውሃ ነው። አየር ያመልጣል፣ ሳሊን (የጨው ውሃ) ደግሞ ጨው ሠርቶ ቫልቩን ይዘጋል። የውጪው ዲስክ ከቆዳው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ይበል። ቆዳው በሳሙናና ውሃ ታጥቦ በደንብ ይደርቅ፣ በቃ።

ምግብ ሲገባና ካለቀ በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ጭንቅላታቸው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይበል። ቱቦው በምራቅ ትን ከማለት አያድናቸውም፤ በአፍ ባይበሉም ጥርሳቸው በየቀኑ ይቦረሽ፤ የአፍ ጀርም ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች ያመጣል።

የመዋጥ ምርመራው መቼ እንደሚደገምም ቀጠሮ አሲዢ። ከስትሮክ በኋላ ብዙ ሰው በሳምንታትና በወራት ውስጥ መዋጡ ይመለስለታል፤ ተመልሶም ማንም ስላልፈተሸ ብቻ ቱቦው የሚቆይበት አለ።