ጨረቃ ላይ ለሚቆፍረው ስታርታፕ ልቀጠር ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ጨረቃ ላይ ማዕድን የሚያወጣ ሮቦት የሚሠራ አንድ የአሜሪካ ስታርታፕ ሥራ ሰጥቶሃል፤ ደመወዙ አሁን ከምታገኘው ያንሳል፤ ልዩነቱን በአክሲዮን እናካክስልህ ብለውሃል። «የምራቸውን ነው ወይስ እያሾፉ ነው?» ነው ያልከው።

እኔ ተማሪ እያለሁ ናሳ ለዩኒቨርሲቲዎች የሚያዘጋጀው ሉናቦቲክስ የሚባል የቁፋሮ ሮቦት ውድድር ላይ ነበርኩ። አሁን የምሠራው እዚሁ ምድር ላይ ነው፣ ያለ ሾፌር የሚሄዱ የማዕድን ማሽኖች ላይ።

የምራቸውን ነው። ግን ከባዱ ነገር ሰው እንደሚያስበው ሮኬቱ ብቻ አይደለም፣ መቆፈሩ ራሱ ነው። እዚህ ኤክስካቫተር አፈር የሚገፋው በክብደቱ ነው። የጨረቃ ስበት የምድር አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ቀላል ሮቦት አካፋውን ወደ ታች ሲጫን አፈሩን በመቆፈር ፈንታ ሮቦቱ ራሱ ብድግ ይላል። ናሳ ለዚህ ብሎ ከፊትም ከኋላም ከበሮ ያለው ሮቦት ሠርቷል፤ ከበሮዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ እየዞሩ ስለሚቆፍሩ አንዱ የሌላውን ግፊት ያጠፋል። ያየሁት ምርጥ መላ ይሄ ነው። አቧራው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ነፋስም ውሃም አሽቶት ስለማያውቅ ጠርዙ እንደ ብርጭቆ ስባሪ ይቆርጣል፤ የኛ መለማመጃ አፈር አስመሳይ ብቻ ሆኖ እንኳ ቤሪንግ ውስጥ እየገባ ሞተር ያቃጥልብን ነበር። ሌሊቱ ሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ ባትሪው ያን ብርድ ካልቻለ ሮቦቱ አበቃለት።

አሁን ወደ ብሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ናሳ ሉናር አውትፖስት ከሚባል የኮሎራዶ ኩባንያ የጨረቃ አፈር ሊገዛ ተዋዋለ። በስንት? በ1 ዶላር! የተፈለገው አፈሩ ሳይሆን «ከጨረቃ ያወጣኸውን መሸጥ ትችላለህ» የሚለውን በተግባር ማሳየት ነበር። ሮቨራቸው (ጨረቃ ላይ የሚሄድ ሮቦት ተሽከርካሪ) መጋቢት 2025 ጨረቃ ደረሰ፤ ግን የተሳፈረበት ማረፊያ መንኮራኩር በጎኑ ስለወደቀ ሳይወጣ ቀረ። አይስፔስ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ መንኮራኩርም በ2023 እና በ2025 ሊያርፍ ሲል ተከስክሷል። እና ያንተ ሮቦት እንከን ባይኖረው እንኳ፣ ዕጣው ባሳፈረው መንኮራኩር እጅ ነው።

ኢንተርሉን የሚባለው የሲያትል ኩባንያ ደግሞ ሂሊየም-3 የሚባል ብርቅ ጋዝ ላይ ነው ያተኮረው። ለኳንተም ኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ይፈለጋል፤ የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት እስከ 2029 ድረስ 3 ሊትር ሊገዛቸው ተስማምቷል። ገዢ አለ ማለት ነው። ነገር ግን አፈሩ ውስጥ ያለው ከቢሊዮን እጅ ጥቂት እጅ ብቻ ስለሆነ፣ ለዚያች ጋዝ የሚገለበጠውን አፈር አስበው።

ስለዚህ አለቆቹን ፊት ለፊት ጠይቃቸው፦ ጨረቃ እስክትደርሱ ማነው የሚከፍላችሁ? ቴክኖሎጂውን ምድር ላይ ለማዕድን ወይም ለግንባታ ድርጅት እየሸጡ ከሆነ፣ እኔ ብሆን እገባለሁ። «ቀጣዩ ኢንቨስተር» ካሉህ፣ ቢያንስ የአንድ ዓመት ተኩል ደመወዝ ባንክ ውስጥ እንዳለ አረጋግጥ። አክሲዮኑን ደሞዝ ብለህ እንዳትቆጥረው። ስንት እንደሰጡህ ብቻ ሳይሆን የኩባንያው ጠቅላላ አክሲዮን ስንት እንደሆነም ጠይቅ፣ አለዚያ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ወረቀትህን፣ ማለትም የአሜሪካ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድህን፣ አልነገርከንም። የጠፈር ቴክኖሎጂ ብዙ ጊዜ ቴክኖሎጂ ወደ ውጭ ሰው እጅ እንዳይገባ በሚገድበው የኤክስፖርት ቁጥጥር ሕግ ውስጥ ስለሚወድቅ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ይፈልጋሉ። ጥገኝነት የተፈቀደለትም ይቆጠራል፤ ይሄን የማያውቁ ቀጣሪዎች ስላሉ ራስህ አንሳላቸው። በሥራ ቪዛ ከሆንክ ግን አሁን ያለህን ሥራ ከመልቀቅህ በፊት ከነሱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ተቀበል።