ልቤ ዳነ ብዬ መድኃኒት ያቆምኩ ሰው መልስ

ወንድሜ፣ «የልብ ድካም ተብዬ መድኃኒት ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው፤ ልቤ ወደ ቀድሞው ይመለሳል ወይ? መድኃኒቱንስ መቼ አቆማለሁ?» ብለሃል። የእኔ ተመልሶ ነበር። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን ሐኪም ሳልጠይቅ ራሴ መለስኩት፤ መዘዙም ከዚያ መጣ። ያንተም እንደ እኔው ከደም ግፊት የመጣ ይመስለኛል።

1. ሚዛን ግዛ። ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳትቀምስ ተመዘን። በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመርክ ሰውነትህ የቋጠረው ውኃ ሊሆን ይችላልና ለሐኪምህ ንገር። እኔ የካልሲዬ ጎማ እግሬ ላይ ጉድጓድ ሲተው እያየሁ ካልሲውን እወቅስ ነበር።

2. ጨው። ወጡ ላይ መቀነስ ብቻ አይበቃም፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁም ይገባባቸዋል። ባለቤቴ ለእኔ ለብቻ አስፈጨች። እናቴ እስከ ዛሬ «የሆስፒታል ሽሮ» ትለዋለች።

3. መድኃኒት። ስጀምር በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) የታየው የልቤ ደም የመርጨት አቅም 25 በመቶ ነበር (የጤነኛውም ከ55 እስከ 70 ገደማ ነው፤ መቶ አትጠብቅ)። ካርቬዲሎል በ3.125 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ እያለ፣ ከሌሎቹ ጋር ሳላዛንፍ ወሰድኩ። በ14ኛው ወር 52 በመቶ ገባሁ። ያን ቀን አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጣሁ፤ ማንም አላዘዘኝም።

ቀጥሎ በነበረው ቀጠሮዬ ካርዴ ጠፋ ተባለ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ከስልኳ ቀና ሳትል ሦስት ቀን «ነገ ተመለስ» ስትለኝ ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን «ደህና ትመስላለህ እኮ፣ ምን ያጣድፍሃል?» አለችኝ። እውነትም ደህና ነኝ ብዬ ወጣሁ፤ መድኃኒቱ ሲያልቅም አልተካሁትም። በእሷ ተናድጄ የራሴን ልብ ቀጣሁ።

አራት ወር ምንም አልነበረም። በአምስተኛው ሦስት ትራስ ደራርቤ እንኳ መተኛት አቃተኝ። ኢኮው 30 አለ። ሐኪሙ ያኔ ነው የእንግሊዞቹን ጥናት የነገረኝ፤ ልባቸው አገግሞ መድኃኒታቸውን በክትትል ካቆሙ 25 ሰዎች 11ዱ በ6 ወር ውስጥ አገረሸባቸው፣ ሳያቆሙ ከቀጠሉት ግን አንድም አልነበረም። እነሱ እንኳ ሐኪም አጠገባቸው ነበር።

አሁን የልቤ አቅም 47 በመቶ ላይ ነው። 52ቷ እስካሁን አልተመለሰችም። ለጉልበቴ ሕመም ማስታገሻ ብሎ ዳይክሎፌናክ የሚሰጠኝንም ፋርማሲ አልሰማም፤ ውኃ ያስቋጥራል።

4. የካርድ ቁጥርህን፣ የኢኮ ውጤትህንና የመድኃኒት ማዘዣህን ፎቶ አንስተህ ስልክህ ላይ አስቀምጥ። ካርዱ ጠፋ ካሉህ አዲስ ያውጡልህ፤ ሐኪሙን ሳታገኝ ከግቢው አትውጣ።