ሳጥኑ የማን ነው?

ልጆቼ፤

ባለፈው ወር አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደረጃ ላይ አንዲት ተማሪ አስቆመችኝ። አባቷን በልጅነቱ አማርኛ አስተምሬዋለሁ፤ እሷ ስድስት ኪሎ ሁለተኛ ዓመት ናት። መምህሯ በችግር ውስጥ ስለሚያድጉ ልጆች የሚተርኩ ጽሑፎች ሰጥቷት፣ በየቀኑ ካነበበች በኋላ የተሰማትን እንድትጽፍ አዝዟት ነበር። ደብተሯን ከፍታ አሳየችኝ። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ስለምትሠራ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ያነበበች ዕለት «አለቀስኩ» ብላ ጽፋለች። በማግስቱ «ለካ እኔ ምንም አልጎደለኝም። ተመስገን» ይላል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ከዚያስ?»

«ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ጠፋኝ» አለችኝ። ቆመን ጥቂት ተጫወትን፤ የሚገባትን መልስ ግን ሳልሰጣት ተለያየን። ቤቴ ገብቼም ነገሩ አልለቀቀኝም። ጥያቄው የሷ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ለሁላችሁም እጽፋለሁ።

ስለ ዕንባው ብዙ አልልም። አንብቦ ያለቀሰ ልብ አለው፤ ልብ ካለ የቀረው ይመጣል። የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ገጽ ነው። ተመስገን ማለትን እኔም ከእናቴ ተምሬአለሁ፤ ዛሬም ሳልል አልተኛም። ነገር ግን የሌላዋን ልጅ ረሃብ አንብበን «እኔስ ጠግቤ አድራለሁ» ብለን መጽሐፉን ስንዘጋ፣ ያቺ ልጅ የት ገባች? በሷ ጀምረን በራሳችን ጨረስን። ማታ የምትተኛው የት እንደሆነ፣ ደመወዟን ማን እንደሚቀበልላት፣ ለእናቷ የምትደውለው በማን ስልክ እንደሆነ ሳንጠይቅ፣ የራሳችንን ሙሉ ሰሃን የምናይባት መስታወት አደረግናት። እግዚአብሔርም በእንዲህ ያለው ምስጋና ደስ የሚለው አይመስለኝም።

ይህን የምናገረው እኔ ራሴ ለዓመታት ይህንኑ ምስጋና ሳስተምርና ማርክ ስሰጥበት ስለኖርኩ ነው።

1994 ዓ.ም. ነው። መሀል ከተማ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ በክፍሉ ከስልሳ በላይ ተማሪዎች አሉ። አንድ ቀን ትምህርቱን ስላቋረጠ ሊስትሮ የሚተርክ አጭር ታሪክ አነበብኩላቸውና የተሰማችሁን ጻፉ አልኳቸው። ብዙዎቹ ጥሩ ጻፉ። በተለይ አንዲት ልጅ «ብርድ የሰነጠቀውን እጁን ሳስብ የለበስኩት ጋቢ ከበደኝ» ብላ ነበር፤ ለክፍሉ ጮክ ብዬ አነበብኩትና ከአሥር ዘጠኝ ሰጠኋት። ይገባታል፤ ዛሬም አልነፍጋትም። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ ግን አንድ መስመር ብቻ ጽፎ መለሰልኝ፦ «ሳጥኑ የማን ነው?» ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ታሪኩን አላሰብክበትም» ብዬ ሦስት ሰጠሁት።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ አጠገብ ጫማዬን ላስጠርግ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን ሳጥኑ ላይ ሳሳርፍ አንገቱን ደፍቶ ብሩሹን ያነሣው እሱ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። እግሬን ባነሣው እሱን መናቅ መሰለኝ፤ ባላነሣው ደግሞ በተማሪዬ ላይ መርገጥ። «ግድ የለም መምህር፣ ይቀመጡ» አለኝ።

ጠርጎ ሲጨርስ ስለዚያች መስመር ጠየቅኩት፤ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ሳጥኑ የራስህ ከሆነ ያገኘኸው ያንተ ነው፤ ከቀለም መግዣ የተረፈው ለእራትህና ለደብተርህ ይሆናል። ሳጥኑ የሰው ከሆነ ግን ዝናብ ቢጥልም ባይጥልም፣ ጫማ የሚያስጠርግ ቢመጣም ቢቀርም፣ ማታ ማታ የባለቤቱን ድርሻ ትቆጥራለህ፤ የጎደለው ለነገ ይዞራል። ክረምት ሲገባ ዕዳው ይከመራል። «ታሪኩ ልጁ ትምህርቱን ለምን እንደተወ አይናገርም። ሳጥኑ የሰው ከሆነ ግን ይገባኛል» አለኝ።

ከዚያ ሁሉ ተማሪ ታሪኩን ያነበበው እሱ ነበር። እኛ ለሊስትሮው አዘንን፤ እሱ ሊስትሮውን ምን እንደያዘው ፈለገ። ሰኞ ጠዋት ማርኩን አስተካከልኩለት። ለክፍሉ ግን ምክንያቱን አልተናገርኩም፤ የሱን ሕይወት መናገር የሱ ፈንታ ነው።

እንግዲህ «ከዚያስ?» ለምትሉኝ ምክሬ ከዚያ ሳጥን የወጣ ነው። ስታነቡ ታሪኩ ያልነገራችሁን ጠይቁ። ገንዘቡ ማን እጅ ይገባል? ልጁ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል? ያዘዘው ማን ነው? እንዲህ የጠየቀ አንባቢ ሌላ ነገር ማንበቡ አይቀርም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንሥታችሁ እዩ። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ያ ተማሪዬ ሳጥን ተሸክሞ ሲዞር ወሰኑ 14 ነበር። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለን ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ማሠራት አይፈቅድም። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን የሚናገረው አሠሪና ሠራተኛ ስላሉበት ሥራ ነው። በራሱ ሳጥን የሚሠራ ልጅ አሠሪ የለውም። በሰው ሳጥን የሚሠራውስ? ባለሳጥኑ አሠሪ ይባላል ወይስ አከራይ? ከእናንተ ሕግ የምታጠኑት ይህን ጉዳይ ብትይዙት፣ ያ አንድ መስመር ስንት ገጽ እንደሚወጣው ታያላችሁ።

ጥያቄ ብቻውን ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። እኔ ባስተማርኩበት ዘመን ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ጠረጴዛቸው ላይ የሚደፉ ልጆች ነበሩ። ሰነፎች እንላቸው ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት አንዱን ልጅ ወደ ውጭ ጠርታ «ጠዋት ምን በላህ?» ያለችው። ከዚያ ወዲያ መምህራኑ ከደመወዛችን እያዋጣን ዳቦ መግዛት ያዝን። ዳቦው ከጥቂት ልጆች አያልፍም ነበር። በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ሲጀምር፣ ያን ጊዜ ዳቦ ያልደረሳቸው ልጆች ፊት አንድ በአንድ መጣብኝ።

ወደ ልጆቹ ስትቀርቡ ካሜራ ይዛችሁ አትሂዱ። ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የሰው ፊት እሳት ነው ይላሉ አባቶቻችን፤ በየመንገዱ ስልክ ተደቅኖበት ዳቦ የሚቀበል ልጅ በሺህ ሰው ፊት ይቃጠላል፤ አድጎም ያንን ምስል ይዞት ይኖራል። ጫማችሁን አስጠርጉና ዋጋውን ሳትከራከሩ ክፈሉ። ስሙን ጠይቁ፣ የራሳችሁንም ንገሩት። በሳምንቱ ስትመለሱ ስሙን አትርሱ።

ከእናንተ መካከል ደግሞ ታሪኩ የራሱ የሆነ አለ። ክፍል ውስጥ ሌላው ሲያለቅስ እሱ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ፣ «የተሰማህን ጻፍ» ሲባል እጁ የሚከብደው። ለሱ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ኑሮህን ለማንም የመተረክ ግዴታ የለብህም፤ ለማርክም ቢሆን። አንድ መስመር ጽፈህ መልስ። መምህሩ ካልገባው ጥፋቱ የመምህሩ ነው፤ እኔ በራሴ አይቼዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልጨርስ፣ ባለፈው ማክሰኞ ያችን ተማሪ እዚያው አራት ኪሎ አገኘኋት። ስለ ሳጥኑ ገና አልነገርኳትም ነበር። ደብተሯን አውጥታ አራተኛውን ገጽ አሳየችኝ፦ «ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ቆሎ የምትሸጠው ልጅ ስሟን ነገረችኝ። ሰባተኛ ክፍል ናት። ቆሎውን የምትቆላው አክስቷ ናት። ነገ የወንድሜን የሒሳብ መጽሐፍ እወስድላታለሁ። የሽያጩን ገንዘብ ማን እንደሚይዘው ግን ገና አልጠየቅኳትም።»