ስትሪንግ ቲዎሪ ለመማር ላሰባችሁ፣ ስለ ድጋፍ ደብዳቤው ልንገራችሁ

በየአገሩ ሆናችሁ ፊዚክስ የምትማሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ወደ ስትሪንግ ቲዎሪ (የተፈጥሮ ቅንጣቶች እጅግ ጥቃቅን የሚርገበገቡ ክሮች ናቸው ወደሚለው ሐሳብ) ለመግባት ስታስቡ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ ስለ ሒሳቡ ነው። ሒሳቡ እውነትም ከባድ ነው፤ ኳንተም ፊልድ ቲዎሪን (የጥቃቅን ቅንጣቶችን ቲዎሪ) እና ጄኔራል ሪላቲቪቲን (የአይንስታይንን የስበት ቲዎሪ) በደንብ ሳይዙ አይገባበትም። ግን በትጋት ትወጡታላችሁ። ጎበዝ ልጆች ከዚህ ሙያ ሲወጡ የማየው አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ምክንያት ነው፤ ሥራቸውን በቅርብ የሚያውቅና የሚመሰክርላቸው ሰው ስላላበጁ ነው።

መንገዱ ረጅም ነው። ፒኤችዲው አሜሪካ ከ5 እስከ 6 ዓመት፣ አውሮፓ ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 ዓመት ይወስዳል። ከዚያ ፖስትዶክ፣ ማለትም ከፒኤችዲ በኋላ ያለው ጊዜያዊ የተመራማሪነት ሥራ፣ አለ፤ 2 ወይም 3 ዓመት በአንድ አገር፣ ደግሞ ያን ያህል በሌላ አገር፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ዙር። ቋሚ የፕሮፌሰርነት ቦታ የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው። በየእርምጃው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 3 የድጋፍ ደብዳቤ ትጠየቃላችሁ።

ደብዳቤው ለምን ይህን ያህል ይከብዳል? በእኛ ዘርፍ ጽሑፍ ላይ የደራሲዎች ስም የሚደረደረው በፊደል ተራ ነው። ሦስት ሰዎች አብረው ከጻፉ ሐሳቡ የማን እንደነበረ፣ ከባዱን ስሌት ማን እንደጨረሰው ከወረቀቱ አይታይም። የሚነግረን ደብዳቤው ነው። «ታታሪና ጨዋ ተማሪ ነው» የሚል ደብዳቤ አመልካቹን ምንም አይጠቅመውም። «የአራተኛውን ክፍል ስሌት ብቻዋን ሠርታ አመጣች፤ ተሳስተሻል ብዬ ተከራከርኳት፣ በመጨረሻ ልክ ሆና የተገኘችው እሷ ናት» የሚል ሲመጣ ግን የአመልካቿ ፋይል ለምርጫ ተለይቶ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጻፈው ከአማካሪው ጋር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለተከራከረ ሰው ነው። በይሉኝታ ዝም ያላችሁበት ሴሚናር ሁሉ ይቆጠርባችኋል።

የሚመሰክር ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ከስትሪንግ ቲዎሪ ቀዳሚ ተመራማሪዎች አንዱን፣ ጆን ሽዋርዝን ተመልከቱ። ፕሪንስተን ቋሚ ቦታ ሳያገኝ ቀርቶ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1972 ካሊፎርኒያ ወዳለው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በ1974 ከዦኤል ሼርክ ጋር ስትሪንግ ቲዎሪ የስበት ኃይልን በውስጡ እንደያዘ አሳየ፤ ጆሮ የሰጣቸው ግን ጥቂት ነበር። ከ10 ዓመት በላይ የፋኩልቲ አባል ሳይሆን በተመራማሪነት ብቻ ቆየ። እዚያ እንዲቆይ ያደረገው ሥራውን የሚያውቀውና የሚያምንበት የካልቴኩ ፕሮፌሰር መሬይ ጌል-ማን ነው። በ1984 ከማይክል ግሪን ጋር ሆኖ ቲዎሪውን ያፋልሳል ተብሎ የተፈራው፣ አኖማሊ የሚባለው የሒሳብ ተቃርኖ እንደሚሰረዝ ሲያሳይ፣ ዘርፉ በሙሉ ወደ እነሱ ዞረ።

ከደብዳቤዎቹ ቢያንስ አንዱ ከዩኒቨርሲቲያችሁ ውጭ ካለ ሰው ቢሆን እመክራለሁ። ለዚህ ጣሊያን ትሪየስቴ ያለውን ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል፣ አይሲቲፒን፣ አትርሱ። መሥራቹ ፓኪስታናዊው ፊዚሲስት አብዱስ ሳላም በ1951 ወደ ላሆር ተመልሶ አብሮት የሚመራመር ሰው አጥቶ በ1954 እንደገና ወደ ካምብሪጅ የሄደ ሰው ነው። ማዕከሉን በ1964 ያቋቋመው ሌሎች እንዲህ ያለ ምርጫ ውስጥ እንዳይገቡ ነው። የስትሪንግ ቲዎሪ አጭር ሥልጠናውን ጨምሮ በሮቹ ከእኛ ዓይነት አገር ለመጡ ተማሪዎች ክፍት ናቸው። ለማታውቁት ተመራማሪ ኢሜይል ስትልኩም «ሥራዎን አደንቃለሁ» ብላችሁ አትጀምሩ። አርካይቭ (arXiv) በተባለው ነፃ የምርምር ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ ያወጣውን ጽሑፍ አንብባችሁ «ቀመር 3.12 ላይ ያለው የመቀነስ ምልክት ከየት መጣ?» በሉ። እንዲህ ላለ ጥያቄ ብዙዎች ይመልሳሉ።

አማካሪ ስትመርጡ ዝናውን ትታችሁ የቀድሞ ተማሪዎቹ ፖስትዶክ የት እንዳገኙ ተመልከቱ። ስማችሁንም ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ በአንድ አጻጻፍ ያዙ፤ አንዴ በአባት፣ አንዴ በአያት ከወጣ ሥራችሁ የሁለት ሰው ሆኖ ይመዘገባል። አሜሪካ በጄ-1 (የልውውጥ ጎብኚዎች) ቪዛ የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ዓመት አገር ቤት የመቆየት ግዴታ ይመለከታችሁ እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት አጣሩ።

ደብዳቤውን የመጨረሻው ቀን ከመድረሱ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ የምርምር ዕቅዳችሁንም አብራችሁ ስጡ። ጥያቄውም «ጠንካራ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» የሚል ይሁን። ሰውዬው ካመነታ አመስግናችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ።